የጾም ምን አላችሁ? ከእማዬ ጋር ከባርሴሎና እስከ ፒሬየስ

1ኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ባርሴሎና

እማዬ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከፍራንክፈርት መጥተን ባርሴሎና ኤርፖርት ተገናኘን። ሻንጣዋን ላነሳ ስሞክር ወገቤ ሊቀነጠስ ደረሰ። "ምን ጠቅጥቀሽበት ነው?" አልኳት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የተፈጨ ቡና፣ ጀበና። ከሥር አንዲት ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ። "አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጦሜን ልታሳድሪኝ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ቃሉ ቦታው ላይ ገባ። ትኬቱን ስቆርጥ ዋጋውን እንጂ ወሩን አላየሁም። ጉዞው ጥቅምት ላይ ነው፤ እማዬ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማለት ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ "ዘንድሮን እለፊው" ብዬ ሞክሬ ነበር። ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ይህ የወደብ ከተሞች ማስታወሻ ቢሆንም ግማሹ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል የሌለበት ምሳ ፍለጋ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትጓዙ አንድ ነገር፦ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት የመርከቡን መስመር እዩ። የኛ መርከብ ሞንቴኔግሮ ይቆማል። ሞንቴኔግሮ ሸንገን ውስጥ የለችም። እዚያ ደርሶ ወደ ግሪክ መሄድ እንደገና ሸንገን መግባት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም።

2ኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ሳግራዳ ፋሚሊያ፣ ከዚያ ባሕር

ጠዋት ሳግራዳ ፋሚሊያ ሄድን። ትኬቱ የመግቢያ ሰዓት ስላለው ቀድሞ መግዛት ግድ ነው። ግንባታው በ1882 ተጀመረ፤ በዓመቱ አንቶኒ ጋውዲ ተረከበውና ዕድሜውን ጨረሰበት። ውስጡ ጫካ ነው። ዓምዶቹ ወደ ላይ ሲወጡ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያበጃሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው መስታወት ሰማያዊና አረንጓዴ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ቀይና ብርቱካናማ ነው። እኛ የገባነው በጠዋት ፀሐይ ስለሆነ የእማዬ ነጠላ አረንጓዴ ሆነ። መዳፏን ዘረጋች። ቀለሙ አረፈበት። ጨበጠችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ጨበጠችው።

ጋውዲ በ1926 ትራም ገጨው። ልብሱ ያደፈ ስለነበር ለማኝ መስሏቸው ማንነቱን ያወቀ አልነበረም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ይህን ስነግራት ቀና ብላ ወደ ጣሪያው አየች። "ቤቱን እየሠራለት?" አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ መርከቡ። ከሩቅ ሲታይ ቦሌ አራብሳን ውሃ ላይ ያቆሙት ይመስላል። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ልዩነቱ ሊፍቱ መሥራቱ ነው። ፍተሻው ላይ ምድጃችን ተያዘች። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ፣ ካውያም ቢሆን፣ ለእሳት አደጋ ተብሎ መርከብ ላይ አይፈቀድም። ደረሰኝ ሰጡን፤ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች ተባለ። ጀበናዋ ግን አለፈች። እማዬ ደረሰኙን አጣጥፋ ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ቡፌው ፊት ቆመን ስንፈዝ አንድ አስተናጋጅ መጣ። ህንዳዊ ነው፣ ከኬረላ። ጾም መሆኗን ስነግረው ፊቱ በራ፤ እናቱም ኦርቶዶክስ ናት። እማዬ ኬረላ የሚለውን ስትሰማ ብድግ አለች። በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ያስተማሯት ህንዳዊ ከዚያው ነበሩ። ያኔ ከኬረላ የመጡ መምህራን ያልደረሱበት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር። "የሳቸው ዱላ ነው ማባዛት ያስያዘኝ" አለችው። ተርጉሜ ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ከኩሽና አንድ ሳህን ምስር ይመጣልን ነበር። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩበትን ቡፌ እያየሁ ምስር በላሁ።

3ኛ ቀን፣ እሑድ፦ ማርሴ

የክሩዝ ወደቡ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው። በአውቶቡስ አሮጌው ወደብ ደርሰን፣ ከዚያ በ60 ቁጥር ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ወጣን። ኮረብታው ላይ በወርቅ የተለበጠ የእመቤታችን ሐውልት አለ። የማርሴ ሰው "ደጓ እናት" ብሎ ነው የሚጠራት። ውስጡ ያልጠበቅነው ነገር ነበር። ከጣሪያው ትናንሽ መርከቦች በክር ተንጠልጥለዋል፤ ግድግዳው "እናመሰግናለን" በሚሉ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ተሞልቷል። ስለ ስለት ላስረዳት አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። "ይሄማ ስለት ነው። ከማዕበል ያወጣቻቸው ናቸው።"

ከተራራው ስንወርድ ስለ ገጣሚው ራምቦ ነገርኳት። ሐረር ሲነግድ ኖሮ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ፣ በ1891 እግሩን ታምሞ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ወረደ። እዚሁ ማርሴ እግሩ ተቆረጠ፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይ እዚሁ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። "ሐረር ቢቆይ ወጌሻ ያድነው ነበር" አለች። የወጌሻ ነገር ሲነሳ አልከራከራትም።

4ኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ጄኖዋ

እማዬን የጠፋሁባት ቀን። ወይም የጠፋችብኝ።

ካቴድራሉ ሳን ሎሬንዞ ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ውስጡ አንድ ትልቅ የመድፍ ጥይት ቆሟል። በ1941 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን ሲደበድቡ ቤተ ክርስቲያኑን በስቶ ገባ፤ አልፈነዳም። እማዬ እሱ ፊት ቆማ ጸሎት ጀመረች። የሷ ጸሎት ረጅም ነው። እኔ ፋርማሲ ጉዳይ ነበረኝ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ" ብያት ወጣሁ። ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ጀርመን አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አፌ የሚቆጥረው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ ያልኩት በነሱ አሥራ አንድ፣ ማለትም ረፋድ አምስት ሰዓት። እማዬ የሰማችው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማለትም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። የእጅ ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጊዜ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ የተሰጣት መስሏት ወጥታ ሄደች።

ስመለስ ደረጃው ላይ ማንም የለም። ውስጥ ገባሁ፤ የለችም። የአሮጌው ጄኖዋ መንገድ መንገድ አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ስልኳ መርከቡ ላይ ቀርቷል። ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት አይታችኋል ወይ እያልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ተንከራተትኩ። አለቀስኩ አልልም፤ ግን ለመሬት ለሰማዩ ተሳልኩ።

ያገኘኋት ሶቶሪፓ ውስጥ ነው፤ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው፣ በቅስት የተሸፈነው የድሮ የገበያ መተላለፊያ። አንድ ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ነገር እየቆረሰች ትበላለች። እሳቱ ዘንድ የቆመችው ሴትዮ የኛን ምጣድ የሚያህል የመዳብ መጥበሻ ከምድጃው ታወጣለች።

"ምነው? ገና ሰባት ተኩል እኮ ነው" አለችኝ ሰዓቷን እያሳየችኝ። "ተቀመጪ፣ ቅመሺ። የጾም ነው።"

ፋሪናታ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፤ ሌላ ምንም የለበትም። በጥብጠው በስሱ ያፈሱትና በሚንቀለቀል የእንጨት እሳት ይጋግሩታል። ጠርዙ ኮሽ ይላል፤ መሃሉ ግን ለስላሳ ነው፣ ወፍራም ሽሮ ቀዝቅዞ እንደጠጠረ። ሽታው ደግሞ ቤታችን ነው። ቅቤና ዕንቁላል እንደሌለው በምን አወቅሽ ብዬ ጠየቅኳት።

"እጄን እንደ ቀንድ አድርጌ 'እምቧ' አልኳት። በፍጹም አለች። 'ኩኩሉ' አልኳት። ሳቀች፣ እሱም የለም አለች።"

ስንወጣ ሴትዮዋ እማዬን "ኩኩሉ" ብላ ነው የተሰናበተቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ቀጠሮ ስንይዝ "ባንቺ ነው በኔ?" መባባል ጀመርን።

5ኛ ቀን፣ ማክሰኞ፦ ሊቮርኖ

ዝናብ። ፒሳና ፍሎረንስ የሚኬደው ከዚህ ነው። የመርከቡ ሰው ሁሉ ላስቲክ ለብሶ ወረደ። እኛ ተኛን። ክሩዝ ላይ አንድ ወደብ መዝለል ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ካልዘለላችሁ በስድስተኛው ቀን ሁሉም ካቴድራል አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል።

6ኛ ቀን፣ ረቡዕ፦ ቺቪታቬኪያ፣ ማለትም ሮም

መርከቦች "ሮም" ብለው የሚጽፉት ቺቪታቬኪያን ነው። ሮም ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በባቡር ሄድን። አብዛኛው ሰው ሳን ፒየትሮ ጣቢያ ለቫቲካን ይወርዳል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ የአበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኛ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ። ተስፋ ጽዮን በ1548 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም የጀመረው እዚያ ሳለ ነው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ግን ዝም ብሎ አይገባም። ጉልላቱን በባቡሩ መስኮት ተሳለምነውና አለፍን።

እማዬ ከሮም የፈለገችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ "ሐውልታችን የነበረበትን አሳዪኝ።" ኦስቲየንሴ ወርደን ሜትሮ ያዝን፤ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ቺርኮ ማሲሞ ስትወጡ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊታችሁ ነው። ድሮ ለሞሶሎኒ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ እዚህ ተተከለ። ጣሊያን በ1947 ልመልስ ብላ ፈረመች፤ የመለሰችው በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በአውሮፕላን። አሁን በአካባቢው ሁለት የጥንት ዓምዶች ቆመዋል። ኒውዮርክ ላይ በመስከረም 11፣ 2001 ለሞቱት መታሰቢያ ነው። እማዬ በጣቷ ቆጠረች። "በኛ መስከረም 1 ነበር። እንቁጣጣሽ።"

ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አበበ ቢቂላ የጨረሰው እዚህ ነው። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነት ጨምሮ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት ሄደ። መሽቶ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግር። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5፣ 1952 ነው፤ በማግስቱ ዘመን ተለወጠ። እማዬ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ትዝ የሚላት ዜናው አይደለም። አባቷ ለበዓል ሊያርዱት ያሰሩትን በግ ረስተው ጎረቤት ሬዲዮ ሊሰሙ መሄዳቸውና በጉ ገመዱን በጥሶ መጥፋቱ ነው።

የሮም ንጣፍ ድንጋይ ጥቁርና ጎርበጥባጣ ነው። በዣንጥላዋ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታችው። "በዚህ ላይ?" አለች። ቅስቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ በላን። ኮሎሲየምን በውጭ አየነው፤ አልገባንም።

7ኛ ቀን፣ ሐሙስ፦ ናፖሊ

ናፖሊ ላይ መርከቡ ከተማው ደጃፍ ነው የሚቆመው። ከወረዳችሁ ግንቡ፣ ታክሲው፣ ጩኸቱ እዚያው ነው። እማዬ ሞተር ብስክሌቶቹን አይታ "መርካቶ ነው ያመጣሽኝ" አለች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ከጉዞው ሁሉ ቀልጠፍ ብላ የተራመደችው እዚህ ነው።

ፒዛ ማሪናራ የሚባለውን ልብ በሉ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። አይብ የለውም፤ ስሙ የባሕር ቢሆንም ዓሣም የለውም። እማዬ ሙሉውን ጨረሰች። ሚጥሚጣ ስትነሰንስበት ያየው ፒዛ ጋጋሪ መጥቶ ቀመሰ። ቀላ። እንደገና ቀመሰ።

ሌላው ቡናቸው ነው። አንድ ጉንጭ ናት፣ ቆመው ይጠጧታል። እማዬ "ይሄ አቦል ነው፤ ቶናውና በረካው የት አለ?" አለች። ግን አንድ ልማድ ልቧን ነካው። አንዳንዱ ሰው አንድ ቡና ጠጥቶ የሁለት ይከፍላል፤ ሁለተኛው ለማያውቀው፣ ገንዘብ ላጣ ሰው ይቀመጣል። እኛም የአንድ ሰው ከፍለን ወጣን። "ማን እንደሚጠጣው አለማወቁ ነው ደስ የሚለው" አለች። የቀረውን ጊዜ በሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖ መንገድ የልደት ምስሎች ስናይ አሳለፍነው። ከተወለደው ሕፃን ጎን የእግር ኳስ ተጫዋችና ዓሣ ሻጭ ይቆማሉ።

8ኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ቫሌታ

ማልታ የሚገባው በመርከብ ነው። ወደቡ አፍ ላይ ስትደርሱ ማር የመሰለ ድንጋይ ግራና ቀኝ ይነሳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1566 ነው፣ ቱርኮች ከበው ካልቻሏት በኋላ ባለው ዓመት። ባራካ የሚባለው የአትክልት ቦታ በሊፍት ወጣን። እኩለ ቀን ላይ መድፍ ይተኮሳል። እማዬ ሳላስጠነቅቃት ቀረሁ፤ ያማተበችው ሦስት ጊዜ ነው።

የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ወለሉ በሙሉ የፈረሰኞች መቃብር ነው፣ ባለ ቀለም እብነ በረድ። ካራቫጆ በ1608 የሣለው የዮሐንስ መጥምቅ አንገት ሲቆረጥ የሚያሳየው ሥዕል እዚያ አለ። ሠዓሊው ፊርማውን ያኖረበት ብቸኛ ሥራው ነው፤ የጻፈውም ከሰማዕቱ በፈሰሰው ደም ነው። እኔ ፊርማውን ስፈልግ እማዬ ሳህኑን ወደያዘችው ልጅ እያየች ነበር። "ልጅቷ እኮ ትንሽ ናት" አለች። የመስከረም 2 ስንክሳር ሲነበብ ይህ አልታያትም ነበር።

ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መልስ ሲቆጥሩልን እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "ትሊታ፣ ኤርባ፣ ሐምሳ..." ይላሉ። ማልትኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ከዐረብኛ የተወለደ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ። እማዬ የቄስ ትምህርት ቤት ግእዟን አወጣች፦ "ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ሐምስቱ!" ሽማግሌው ቀጠሉ። ባሕር "ባሐር"፣ ራስ "ራስ"፣ ሞት "ሜውት"፣ ስም "ኢሴም"። ሰልፉ ከኋላችን ረዘመ። ግማሽ ኪሎ ወይራ ለመግዛት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ቢጊላ የሚሉትን የባቄላ ፍትፍትም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ያለው፣ የኛው ፉል ነው።

9ኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ባሕር ላይ

ባሕር። ቆሎ። እንቅልፍ። እማዬ ልብስ ማጠቢያው ጋ ከአንዲት የፊሊፒንስ ሴት ጋር ጓደኛ ሆነች። በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም።

10ኛ ቀን፣ እሑድ፦ ኮቶር

ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉና ሳይነጋ ተነሱ። መርከቡ በተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ነው የሚገባው፤ ውሃው ፀጥ ይላል፣ የዶሮ ጩኸት ይሰማል። መርከብ ላይ ሆኜ ዶሮ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አደባባዩ ላይ የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ትንሽዬ፣ በ1195 የተሠራች። ለረጅም ዘመን ሁለት መንበር ነበራት፦ አንዱ የካቶሊክ፣ አንዱ የኦርቶዶክስ። ማዶ ቅዱስ ኒቆላዎስ ቅዳሴ ላይ ነበር። ሻማ የሚበራው በሁለት ደረጃ ነው፤ ላይኛው ለሕያዋን፣ ታችኛው ለሙታን። እማዬ አራት ሻማ ገዛች። ሁለቱን ላይ አበራች። አንዱን ለአባዬ ታች። አራተኛውን ይዛ ቆየች። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ታች ነው ያደረገችው።

እኔ ብቻዬን የግንቡን ደረጃ ጀመርኩ። 1,350 ነው ይላሉ። መንገዱ መሃል ያለችው ቤተ ክርስቲያን ጋ ስደርስ ጉልበቴ ይበቃል አለ። ስመለስ እማዬ ዳቦ ቤት በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ በድል ነው የቆመችው። "ፖስኖ በይ" አለችኝ። ፖስኖ በነሱ የጾም ማለት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ያለ ጥያቄ፣ ያለ "እምቧ"፣ ስታማትብ አይታ ብቻ የድንቹን ቡሬክ እያሳየች "ፖስኖ" አለቻት። ባሕሩን ግማሽ አቋርጠን ቃል አገኘን።

11ኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ኮርፉ

ነፋስ። ቅዱስ ስጲሪዶንን ተሳልመን ተመለስን። እሑድ ማታ፣ ግሪክ ሳንገባ፣ መርከቡ ሰዓቱን አንድ ወደፊት አስቆጥሮ ነበር። እማዬ ምንም አልነካችም። የግሪክ ሰዓት በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። አሥር ቀን ሙሉ የተሳሳተው የእጅ ሰዓቷ ልክ ገባ።

13ኛ ቀን፣ ረቡዕ፦ ፒሬየስ

ማክሰኞን ባሕር ላይ አሳልፈን ጠዋት ፒሬየስ ወረድን። ደረሰኙ ከጸሎት መጽሐፉ ወጣ፤ ምድጃዋ ተመለሰች።

በአረንጓዴው ሜትሮ አቴና ገባን። አክሮፖሊስን ከሥር ቀና ብለን አየነው። እማዬ "ቆሞ ከኖረ ነገም ይኖራል" ብላ ካፕኒካሬያ ገባች። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ የልብስ መደብሮች መሃል ወለሏ ዝቅ ብሎ የቀረች። ዳቦ ቤቱ ውስጥ እኔ "ኒስቲሲማ" አልኩ፤ ማታ በኢንተርኔት ያጠናሁት ቃል ነው። ሻጩ ግማሹን መደርደሪያ አሳየን። ሰሊጥ ያለበት ክብ ዳቦ ገዛን፣ ስድስት።

ሆቴላችን ፒሬየስ ነው፣ በረንዳው ወደቡን ያያል። ምድጃዋን ሰካናት። እማዬ ዳቦውን ቆራርሳ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ ስኒ ስላልነበረን በሆቴሉ ብርጭቆ ቀዳች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ላይ ሳለን መርከባችን ጥሩምባውን ነፋ። አዲስ ሰዎች ሰገነቱ ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

"በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው ያልሽው?" አለችኝ።

"በአሥራ አንድ።"

"በማን?"

"ባንቺ።"

ሰዓቷን አየች። አሥራ አንድ ከሦስት ደቂቃ ይል ነበር።